ለሚሽካ ወረቀት ሳወጣ

«ይህ ውሻ በቅርብ ቀን ሰው ነክሷል?»

የእንስሳት ሐኪሙ ይህን የጠየቀኝ ቀና ሳይል፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳቆመ ነው። እኔ ቀኝ እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ ከጀርባዬ ደብቄ ቆሜያለሁ። ሚሽካ እግሬ ሥር ተቀምጦ አንዴ ሐኪሙን፣ አንዴ እኔን ያያል። እውነቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሱ ደግሞ አይናገርም።

«ኧረ በስመ አብ! እሱ እንኳን ሰው ሊነክስ፣ አጥንት ሲሰጡትም ይሉኝታ ይይዘዋል» አልሁ።

«ቢነክስ ኖሮ» አለ ሐኪሙ እየጻፈ፣ «ገድለን፣ ጭንቅላቱን ቆርጠን፣ በበረዶ አድርገን ለምርመራ አዲስ አበባ እንልከው ነበር።»

ሚሽካ አማርኛ ይወቅ አይወቅ እንጃ፣ ጭራውን ወሸቀ።

«የተነከሰውስ ሰው ምን ይሆናል?» አልሁ። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ እንደ ስብሰባ ጮክ አድርጌ ነበር የተናገርሁት። «እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው ልጄ። መሠረተ ትምህርት ላይ ያልገባችሁን ጠይቁ ብለውናል።»

«ውሻው ያበደ ከሆነ ሰውየው ቶሎ ሐኪም ቤት ሄዶ እምብርቱ ዙሪያ አሥራ አራት መርፌ ይወጋል። ካልተወጋ ቀን ቆጥሮ ውሃ መፍራት ይጀምራል። ውሃ ከፈራ በኋላማ…» አለና እስክሪብቶውን ከደነው። «መድኃኒት የለውም እናቴ።»

የፍርሃትን ዓይነት ሁሉ አውቃለሁ የምል ሴት ነበርሁ። በዚያ በደርግ ዘመን ስኳሩ በራሽን ሲሆን ፍርሃቱ በነፃ ይታደል ነበር። ቀበሌ ሲጠሩኝ ፈርቻለሁ፤ ሳይጠሩኝ ሲቀሩም «ለምን ረሱኝ?» ብዬ ፈርቻለሁ። ይህኛው ግን ሌላ ነው። ይህኛው እጄ ላይ ነው ያለው፣ በነጠላ ተጠቅልሎ። ባሌ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ከእኔ በቀር እናትም አባትም የላቸውም። እኔ ውሃ ፈርቼ የሞትሁ እንደሆነ ማን ያሳድግልኛል?

ነገሩ እንዴት እንደተነሳ ልንገራችሁ።

እኔ የምሠራው ባሕር ዳር ኮሌጅ ከምታስተምር አንዲት የውጭ አገር ሴት ቤት ነበር። ማዳም እላታለሁ። ከሩቅ ሶሻሊስት አገር የመጣች፣ ደግ፣ ቀጭን፣ ሽንኩርት ጥሬውን የምትበላ ሴት ናት። ትልቋ ልጄ ትርንጎ ወባ ጥሏት በቃ ሞተች ስንል፣ በራሷ መኪና ጭና ሐኪም ቤት ያደረሰችልኝ እሷ ናት። ሚሽካ የእሷ ውሻ ነው። ነጭ፣ ጠጉራም፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ቁመቱ ከቡና ጀበና ብዙም የማይበልጥ። ሚሽካ ማለት በእነሱ ቋንቋ ድብ ማለት ነው ትለኛለች። ድብ አላየሁም፤ ድብ እንዲህ ከሆነ ግን ሰው ለምን እንደሚፈራው አይገባኝም።

ማዳም ሥራዋን ጨርሳ አገሯ ልትገባ ሆነ። ውሻውን ይዛ አውሮፕላን ለመሳፈር ደግሞ ውሻው ጤነኛ መሆኑን የሚመሰክር፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያስፈልጋል አሏት። እሷ ፈተና ታርማለች፣ ዕቃ ታሽጋለች። ቢሮ ለቢሮ መንከራተቱን ስታስበው እንባዋ መጣ። ይህን ጊዜ ነው ምላሴ እኔን ሳያማክር የተነሳው፤

«ማዳም፣ አታስቢ! የወረቀት ነገር ለእኔ ተይው። እኔ አውቅበታለሁ።»

ምኑን ነው የማውቅበት? መሠረተ ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀት አለኝ፤ ወረቀቱን እራሱን ግን ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ይሁንና ስለ ወረቀት አንድ ነገር አውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ጉርድ ፎቶግራፍ የማይጠይቅ ወረቀት የለም። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ ለሥራ ጉርድ ፎቶ፣ ለራሽን ካርድም ሳይቀር ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ታዲያ ከአገር ለሚወጣ ውሻ እንዴት ይቀራል? ቢሮ ሄጄ «ፎቶ የለውም፣ ሌላ ቀን ነይ» ከምባል ብዬ፣ ሚሽካን በሳሙና አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ፎቶ ቤት ይዤው ሄድሁ።

ፎቶ አንሺው ጌጡ ይባላል። ሥራውን እንደ ቅዳሴ የሚያከብር ሰው ነው። ውሻውን አይቶ አልሳቀም።

«ለምንድን ነው ፎቶው?» አለኝ።

«ለውጭ አገር።»

«ለውጭ አገር ከሆነ ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት። ደንብ ነው።»

«የሚሽካ ጆሮ እኮ የተንጠለጠለ ነው ጌጡ።»

«እኔ ምን ላድርግ? ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁ። ጆሮውን ያዢለት።»

ሚሽካን በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። እኔ ከኋላው ጎንበስ ብዬ ሁለት ጆሮዎቹን በሁለት እጄ ወደ ላይ አቆምሁ። ጌጡ የካሜራው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገባ። ሚሽካ ሰው ጭንቅላቱ ጠፍቶ በሦስት እግር የቆመ ሳጥን ሆኖ ሲያይ ደነገጠ፤ መብራቱ ቦግ ሲል ደግሞ ባሰበት። ዞር አለና ቀኝ እጄን ቀጨም!

ሁለት ጥርስ ገባ። ደሜ ወረደ። ጌጡ ከጨርቁ ውስጥ ወጥቶ፣ «ወጥቷል፤ በአራተኛው ቀን ነይ» አለኝ። ስለ እጄ አንድ ቃል የለም።

በማግስቱ ነው እንግዲህ ሐኪሙ ዘንድ የቀረብሁት። «ፎቶው እየታጠበ ነው» አልሁት። «የማን ፎቶ?» አለኝ። «የእሱ።» ሐኪሙ ሚሽካን አየው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና ሚሽካን አየው። «ፎቶ ማን ጠየቀዎ እናቴ?»

ማንም አልጠየቀኝም ለካ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የተነከስሁት።

ሐኪሙ ማዳም የሰጠችኝን የውሻውን ደብተር አገላብጦ አየና እንዲህ አለ፤ «ውሻውን አስር ቀን ቤት አስረው ይጠብቁ። በአስረኛው ቀን ይዘውት ይምጡ። ያን ጊዜም ጤነኛ ከሆነ ማኅተም እመታለሁ። ለውሻው ኃላፊ ሆነው የፈረሙት እርስዎ ስለሆኑ ይዘውት የሚመጡት እርስዎ እራስዎ ነዎት።» የማዳም አውሮፕላን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቢሮው ከአባይ ማዶ ነው። ድልድዩን ተሻግሬ ስመለስ፣ የድልድዩ ዘብ መሣሪያውን አንግቶ ሲያየኝ፣ «ያወቀብኝ ይሆን?» ብዬ ደንግጬ፣ እጄን መደበቄን ረስቼ ሰላም አልሁት። በቀኝ እጄ።

ሚሽካ እኔ ቤት ሰነበተ። ማዳም ዕቃ እያሸገች ነው፤ ደግሞም ከዓይኔ እንዲርቅ አልፈለግሁም። ሐኪም ቤት አልሄድሁም። ብሄድ «የማን ውሻ ነከሰሽ?» ብለው ይመዘግባሉ፤ መዝገብ ደግሞ እግር አለው፣ ከቢሮ ቢሮ ይሄዳል፤ የሚሽካም ጭንቅላት በበረዶ ይሄዳል። ልጄን ያዳነችልኝን ሴት ዓይን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ እውነቱን ከተናገርሁ አይቀር፣ አሥራ አራቱ መርፌ ነው። ለአንዲት እምብርት አሥራ አራት መርፌ! አንድ እጅ ተነክሶ ሆድ ምን በደለ?

ምስጢሬን ለጎረቤቴ ለከዲጃ ብቻ ነገርኋት። የከዲጃ ባል ሐጂ ነጋዴ ናቸው፤ እህል ሊገዙ ወረታና ቆላ ድባ ይመላለሳሉ። እሷ ደግሞ ምላሷ መርፌ ነው፤ አሥራ አምስተኛው።

«አንቺ፣ ውሻን ፎቶ ልታስነሺ ሄደሽ ተነከስሽ?» አለችና ሳቋን በሻሿ አፈነችው። «አላህ ያሽርሽ። ግን ለሰው እንዳትነግሪ፤ ከበሽታው ይልቅ ሳቁ ይገድልሻል።»

«ከዲጃ፣ ቀልድሽን ተይኝ። ልሞት ነው።»

«ሰባታሚት ገጠር ውስጥ አያ ቢተው የሚባሉ አሉ። የእብድ ውሻ መድኃኒት ያውቃሉ። የአጎቴን ልጅ አድነውታል።»

«አሁን ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ድሮም ትንሽ ነካ ያደርገው ስለነበር ለውጡ አይታወቅም።»

ሰባታሚት ሄድሁ። አያ ቢተው ከማሳቸው ዳር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ቁስሌን በደረቅ እንጨት ነካ ነካ አድርገው አዩት።

«ውሻው አብዷል?» አሉኝ።

«እንጃ አያ። የፈረንጅ ውሻ ነው። ጤነኛ ሲሆንም ያው ነው አኳኋኑ።»

አንገታቸውን ነቀነቁና ሥር ወቅጠው፣ በማር ለውሰው አጎረሱኝ። ምሬቱ የእናቴን ቀብር አስታወሰኝ። እንደምንም ዋጥሁት። ከዋጥሁ በኋላ ነው፣ ልብ አድርጉልኝ፣ ከዋጥሁ በኋላ ነው ሽማግሌው ጣታቸውን ያነሱት።

«አሁን እንግዲህ አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገሪ። ወንዝ የተሻገርሽ ለታ መድኃኒቱ ይፈርሳል። ከፈረሰ ደግሞ እንኳን እኔ፣ ያስተማሩኝም ቢነሱ አይመልሱት።»

«እሺ አያ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ግማሽ መንገድ ከተመለስሁ በኋላ ደርቄ ቆምሁ።

በአስረኛው ቀን አባይን መሻገር አለብኝ!

ከዚያች ቀን ጀምሮ ኑሮዬ ሦስት ነገር ሆነ፤ ሚሽካን መጠበቅ፣ ራሴን መጠበቅ፣ አባይን መፍራት።

ሚሽካን በጓሮ ከማንጎው ግንድ ጋር አሰርሁት፤ ልጆቼ እንዳይጠጉት መስመር አስምሬ ከለከልኋቸው። እኔ በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቱ ቁጭ እላለሁ። ምራቁ ቢዝረበረብ፣ ዓይኑ ቢቀላ ብዬ አፈጥበታለሁ። እሱም ያፈጥብኛል። ሳስበው እሱም እኔን እየጠበቀ ነበር መሰለኝ። በአምስተኛው ቀን ምግብ አልበላም አለ። ሥጋ ሰጠሁት፣ ፊቱን አዞረ። «አለቀልኝ» ብዬ ደረቴን ይዤ ልጆቼን ልጠራ ስል፣ ከዲጃ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች፤

«አንቺ! ያ ድብሽ ገመዱን ፈትቶ ገብቶ የአምስት ቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላት በልቶልኛል! ለሐጂ ሾርባ ያስቀመጥሁትን!»

የሰው ዓሣ ተበልቶበት እንደዚያን ቀን ያመሰገነ ሰው የለም።

ራሴን መጠበቁ ግን ከሚሽካ ይብስ ነበር። ምልክቱ ውሃ መፍራት ነው ተብሏል። ስለዚህ በየጧቱ ከቤቴ ወጥቼ ጣና ዳር እቆማለሁ። ማዕበሉን አየዋለሁ። ልቤ ድው ድው ይላል። «ጀመረኝ!» እላለሁ። እሮጣለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ውሃ በጣሳ ቀድቼ እጠጣለሁ፤ ይወርድልኛል። «አልጀመረኝም» እላለሁ። ከዚያ «ምናልባት በሽታው የሐይቁን ውሃ ከጣሳው ይለይ ይሆን?» እላለሁ።

«አንቺ ድሮስ መቼ ጣናን ደፍረሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ከዲጃ። «አምና ጉማሬ መጣብኝ ብለሽ ጫማሽን ጥለሽ ገበያ ድረስ የሮጥሽ አይደለሽም? ጉማሬም አልነበረም እኮ። እረኛው ከኋላው የሚነዳው በሬ ነበር።»

እውነቷን ነው። ችግሩ ይኸው ነው። ድሮም ውሃ ለሚፈራ ሰው ውሃ የሚያስፈራ በሽታ እንዴት ይታወቀዋል? ባሕር ዳር ተወልዶ ይህን በሽታ መያዝ ዳቦ ቤት ተቀምጦ እህል እንደ መጥላት ነው።

ትርንጎ አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ድምፅሽ ለምን ሻከረ?» አለችኝ። ጉንፋን ነበር። እኔ ግን በሽታው እንደ ውሻ ሊያስጮኸኝ ነው ብዬ ኩባያዬን ከልጆቼ ለየሁ፣ ሁለቱንም መሳም ተውሁ። ትንሿ ልጄ፣ «እማዬ ተቀይማናለች» ብላ ለእህቷ ስትነግር ሰማኋት። ያ ነው ከሁሉ አንጀቴን የበላው። እንኳን ሞቼ፣ ሳልሞትም እናት አጡ።

ለካ በአራተኛው ቀን ፎቶውን መውሰድ ነበረብኝ፤ በፍርሃት ረስቼው በሰባተኛው ቀን ሄድሁ። ፎቶ ቤቱ ጋ ስደርስ ሰው መስኮቱን ከቦ ይስቃል። ተጋፍቼ አየሁ። በሁለት ሙሽሮችና በአንድ ወታደር መካከል፣ ግድግዳ አህሎ የተሰቀለው ሚሽካ ነው! አንድ ጆሮው ቆሟል፤ ዓይኑ ፈጧል፤ አፉ እጅ ጎርሷል። እጁ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ። ያን መስቀል የነቀሰችኝ አክስቴ ናት። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

«ጌጡ፣ በእናትህ፣ አውርደው!»

«ለምን አወርደዋለሁ? ይሄ የሥራዬ ቁንጮ ነው።»

«ሐኪሙ ቢያየውሳ? ውሻው ይታረዳል! እኔም እወጋለሁ!»

«እትዬ፣ ትናንት ካድሬው እራሱ እዚህ መስኮት ላይ ቆሞ ሳቀ። አንቺ ካድሬ ሲስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። ካድሬ ያሳቀ ፎቶ ማውረድ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም አላውቅም።»

የታጠቡትን አራት ጉርድ ፎቶዎች ተቀብዬ፣ ቀኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ገበያ ስሄድ በግራ እጄ ብቻ ነው የምገዛው።

ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ከዲጃ ቤት ለምክር ተቀመጥን። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ነገሩን እንደ ትልቅ ዳኛ መረመሩት።

«የእኔ እህት፣ አባይን አልሻገርም ካልሽ መንገድ አለ። ሐይቁን በምዕራብ ዞረሽ፣ በደምቢያ አድርገሽ፣ ቆላ ድባ አድረሽ፣ በወረታ በኩል ወደ ታች ትመጫለሽ። አባይን ሳትረግጪ ማዶ ትደርሻለሽ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሐጂ!»

«ቆይ። በዚያ መንገድ ግልገል አባይ አለ። መገጭ አለ። ርብ አለ። ጉማራ አለ። አንድ ወንዝ ሸሽተሽ አራት ወንዝ ትሻገሪያለሽ።»

ከዲጃ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፣ ከንፈሯን ነክሳ። ድንገት፣ «ሽማግሌው ያሉት ወንዝ እንዳትሻገሪ አይደል? ሐይቅ እንዳትሻገሪ አላሉሽም። በታንኳ ሂጂ! ከወደቡ አጠገብ ተነስተሽ በሐይቁ ላይ ዞረሽ ማዶ ውረጂ። ጣና ሐይቅ እንጂ ወንዝ ነው?» አለች።

ሐጂም አሰቡና፣ «ሐይቅ ነው» ብለው ፈረዱ።

በአስረኛው ቀን ጧት ልጆቼን ከሩቅ ተሰናብቼ፣ ሚሽካን በነጠላ አዝዬ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ አንድ ሽማግሌ ለመንሁ። በደንገል ታንኳ ተሳፍራችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ውሃው ውጭ ነው፣ እናንተ ውስጥ ናችሁ የሚባል ነገር የለም። ሁላችሁም አንድ ላይ ናችሁ። ቁጭ እንዳልሁ ቀሚሴ ረጠበ። ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን መልክአ ሁሉ ጀመርሁ፤ አንዱንም ግን ከመግቢያው አላሳለፍሁት።

«አንች፣ ለምን ትንቀጠቀጫለሽ? ታንኳው ተናወጠ» አሉኝ ቀዛፊው።

«ውሃ ፈርቼ ነው አባቴ።» ካልሁ በኋላ የተናገርሁትን ሰማሁት። ውሃ ፈርቼ ነው! በገዛ አፌ!

ዓይኔን ገለጥሁ። ከፊታችን ጥቁር ነገር ብቅ ብሏል።

«ያ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ጆሮ አለው እንዴ?»

«ዝም ካልሽው ድንጋይ ነው» አሉና ቀስ ብለው በሩቁ አዞሩት። ጉማሬው ተነፈሰና ጠለቀ። ነፍሴም አብራው ጠለቀች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሚሽካ ምን እያደረገ ነበር ብትሉኝ፣ አንገቱን በታንኳው ጠርዝ አውጥቶ የጣናን ውሃ ላፍ ላፍ እያደረገ ይጠጣል! አስቡት እንግዲህ። ውሻው ውሃ ይጠጣል። እኔ ውሃ እፈራለሁ። ስለዚህ ከሁለታችን ያበድሁት እኔ ነኝ። ምናልባት መጀመሪያውኑ የነከስሁት እኔ እሆን እንዴ ብዬ ጥርሴን በምላሴ ዳበስሁ።

ሽማግሌው ጨዋታ ይወዳሉ። «እዚህ ጋ ውሃው መልኩ ሲለይ ታያለሽ?» አሉኝ በመቅዘፊያቸው እያሳዩ።

«አዎ አባቴ።»

«አባይ ነው። አባይ ከጣና ጋር አይቀላቀልም ይሉናል አባቶች። ከግሽ ተነስቶ፣ ሐይቁን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ፣ ራሱን ችሎ ገብቶ ራሱን ችሎ ይወጣል። አሁን በላዩ ላይ ነን።»

«ምን?»

«አባይ ላይ ነን።»

«ይመልሱኝ! አባቴ፣ በመድኃኔ ዓለም ይመልሱኝ!»

ሽማግሌው መቅዘፍ አቆሙና በትዕግሥት አዩኝ። «መሐሉ ላይ ነን እኮ። ብመልስሽም መሻገር ነው፣ ባደርስሽም መሻገር ነው። የትኛው ይሻልሻል?»

ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ሚሽካ ጠጥቶ ጠግቦ እጄን ይልሳል፤ የነከሰውን እጅ።

«ያድርሱኝ» አልሁ። መድኃኒቱ ፈርሷል። የምሞት ከሆነ ቢያንስ ወረቀቱን አውጥቼ ልሙት።

ሐኪሙ ዘንድ እስከ ወገቤ ርሼ ገባሁ። ሚሽካን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ዓይኑን አየ፣ ጥርሱን አየ፣ ሆዱን ዳበሰ። ሚሽካ ጭራውን ይቆላል። ሐኪሙ «ጤነኛ ነው» አለና መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ፎቶግራፍ አወጣ። ያው ነው፤ አንድ ጆሮ፣ አንድ እጅ፣ አንድ መስቀል።

«ትናንት ለመታወቂያ ፎቶ ልነሳ ግሽ አባይ ሄጄ ነበር» አለ። «ይህ እጅ የማን ነው እናቴ?»

ከዚህ በኋላ ምን እደብቃለሁ? ነጠላዬን ፈታሁና እጄን ጠረጴዛው ላይ ከሚሽካ ጎን አስቀመጥሁት። «ልጄ፣ እኔን የፈለግኸውን አድርገኝ፤ እሱን ግን አትግደለው። ጆሮውን ይዤ አስቸግሬው ነው። ለባለቤቱ እንደ ልጇ ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ የእኔን ልጅ አድናልኛለች። እኔ እንደሆንሁ መድኃኒቴ ፈርሷል፤ አባይን ተሻግሬያለሁ፤ ውሃም ፈርቻለሁ። ሁለት ልጆቼን ብቻ…»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ውሃ በብርጭቆ ሰጠኝ። ጠጣሁት።

«ወረደልዎ?»

«ወረደ።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። ያበደ ውሻ ሰው ነክሶ አስር ቀን አይቆይም፤ ይሞታል። አስር ቀን ጠብቁ ማለታችን ለዚሁ ነው። ፎቶ አንሺው እንደነገረኝ እርስዎን ከነከሰ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ ይኸው ጭራውን ይቆላል። ደግሞም የተከተበ ነው፤ ደብተሩ ላይ አለ። ጭንቅላቱን የምንቆርጠው ያልተከተበ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ ሲሆን ነው። ያን ዕለት እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ዕለት ይህንኑ እነግርዎትና ሐኪም ቤት ቁስልዎን አጥበው ይሸኙዎት ነበር።»

«ማለት… አስር ቀን የሞትሁት በከንቱ ነው?»

«በከንቱ ነው። ቢያብድ ኖሮ ግን ዛሬ የምንነጋገረው ሌላ ነበር። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይደብቁ።» ይህን ሲል አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁ።

«የአያ ቢተው ሥርስ? ወንዙስ?»

«ሥሩ ሆድ ከመቁረጥ ሌላ ያደረገው ነገር አለ?»

«የለም። እሱን ግን አሳምሮ አድርጓል።»

ወረቀቱ ላይ ጻፈ፣ ማኅተሙን አሽቶ መታው። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ፎቶ ጥግ ላይ ለጠፈበት። «ጉርድ ፎቶ ያለው ውሻ ስሸኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለ።

«ለእኔስ ጤነኛ ነች የሚል ወረቀት አትሰጠኝም?» አልሁት።

«እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ እናቴ።»

«ዛሬስ ከእነሱ በምን እለያለሁ ብለህ ነው?»

ያን ጊዜ ሳቀ። እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ።

ወደ ቤት የተመለስሁት በድልድዩ ነው፤ በእግሬ፣ ሚሽካን እያስከተልሁ። መሐሉ ላይ ዘቡ አስቆመኝ።

«ወረቀት!»

ሰጠሁት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ «ስም፦ ሚሽካ። ሰው ስለ መንከሱ፦ አንዲት ሴት ነክሷል፤ አስር ቀን ተጠብቆ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል።» ፎቶውን አየ፤ እጄን አየ። «አንቺን ነው?»

«እኔን ነው።»

«አልፈራሽም?»

«ፈርቼ ነበር ልጄ።»

ወረቀቱን መለሰልኝ። እኔ ግን አልሄድሁም፤ ወደ ድልድዩ ጠርዝ ተጠጋሁ። «መቆም ክልክል ነው!» አለ። «አልቆምም፤ ውሃውን ብቻ ልየው» አልሁት። ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረልኝ። አባይ ከሥሬ ይሄዳል፣ ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ ዝምተኛ። ልቤ ትንሽ ድው አለ። ያ የድሮው ፍርሃቴ ነው፤ አወቅሁት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያለው፣ ማንንም የማይገድለው።

ቤት ስደርስ ትርንጎና እህቷ በር ላይ ቆመዋል፤ እንዳይጠጉኝ ስለለመዱ ከሩቅ ነው የሚያዩኝ። ነጠላዬን ጣልሁና ሁለቱንም አንድ ላይ ሳምኋቸው፤ አስር ቀን ሙሉ ያልሳምኋቸውን ጭምር።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነበር?» አለችኝ ትንሿ።

«ምንም አልሆንሁም» አልኋት። «ደህና ነኝ። ድኛለሁ።»